ስለ ሸራና ስለ ነፋስ ኀይል

ሰው ነፋስን በሸራ እየያዘ ባሕር መሻገር ከጀመረ ብዙ ሺህ ዓመት ሆኖታል። ይሁን እንጂ ሸራ መርከብን እንዴት እንደሚያስኬድ በሚገባ የተረዳው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ብዙዎቻችን ነፋስ ሸራውን ከኋላ በመግፋት ብቻ መርከቡን የሚያስኬደው ይመስለናል። ነገሩ እንዲህ ቢሆን ኖሮ ግን መርከብ ነፋሱ ወደሚሄድበት እንጂ ወደሚመጣበት በኩል ለመጓዝ ከቶ ባልቻለ ነበር።

የዚህን ነገር ዋጋ በግልጥ ያሳየው፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ኦገስት 22 ቀን 1851 በእንግሊዝ አገር የተደረገው የመርከብ እሽቅድምድም ነው። በዚያን ዘመን በባሕር ኀይል እንግሊዝን የሚስተካከል መንግሥት አልነበረም። ነገር ግን ጆርጅ ስቲርስ የነደፋትና በኒው ዮርክ የተሠራችው፥ ሁለት ደቀል ያላት «አሜሪካ» የተባለች መርከብ የዋይትን ደሴት ዞራ የእንግሊዞችን መርከቦች ሁሉ ቀድማ ገባች።

የመርከቢቱ አካል ፊቱ የሾለ መሆኑ ረድቷታል፤ የሸራዋም አሠራር ታላቅ ድርሻ ነበረው። የእንግሊዞቹ ሸራ ከተልባ እግር የተሠራ ስለ ነበረ ነፋስ ሲያገኘው እንደ ከረጢት ይነፋል። የ«አሜሪካ» ሸራ ግን በመኪና ከተሸመነ የጥጥ ጨርቅ የተሰፋና የተወጠረ ነበር።

ነፋስ በጥቂቱ በጐበጠ ሸራ ላይ በሰያፍ ሲደርስ አቅጣጫውን ይለውጣል። በጕብጠቱ ውጭ የሚያልፈው አየር ይፈጥናል፥ ግፊቱም ያንሳል፤ በውስጥ በኩል ያለው ግፊት ግን ይበልጣል። ከዚህ የተነሣ ሸራው ወደ ጐንና ወደ ፊት ይሳባል። በውሃ ውስጥ የጠለቀው የመርከቡ ክፍል ወደ ጐን መንሸራተቱን ስለሚከለክል መርከቡ ወደ ፊት ይሄዳል። የአይሮፕላንን ክንፍ የሚያነሣውም ይኸው ኀይል ነው። ሸራው ከመጠን በላይ ከነፋ ግን አየሩ ከገጹ ይላቀቅና ኀይሉ ይባክናል።

ፍጥነት ሲጨምር ግፊት እንደሚቀንስ ዳንኤል በርኑሊ በ1738 በመጽሐፍ ገልጾት ነበር፤ ሸራ ሰፊዎች ግን ጥበባቸውን ያገኙት ከእጃቸው ልምድ ነው። ልምድና ትምህርት ከተገናኙ ወዲህ የሆነውን ለመመልከት አንድ ምስክር ይበቃል፤ በ2012 «ሴይልሮኬት 2» የተባለች ጀልባ፥ በሸራ ፈንታ ጠንካራ ክንፍ ቆሞላት፥ በናሚቢያ የባሕር ጠረፍ ላይ 500 ሜትሩን በሰዓት 121 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት ሄደች። ይህም ከነፋሱ ከራሱ ፍጥነት ከሁለት እጥፍ በላይ ነው፤ የሚገፋ ብቻ ቢሆን ነፋስ ይህን ከቶ ባላደረገ ነበር።

እንግሊዞችም ከሽንፈታቸው በኋላ የባዕዱን ሸራ ሳይንቁ በጥጥ መስፋት ጀመሩ። ዋንጫው ግን እስከ 1983 ድረስ ለ132 ዓመታት ከአሜሪካኖች እጅ አልወጣም። አንድ ጊዜ ወደ ኋላ የቀረ ሰው መንገዱን ቢያውቀውም እንኳ፥ የቀደመው ቆሞ ስለማይጠብቀው፥ ለመድረስ ብዙ ድካም ያስፈልገዋል። ስለዚህ የሚሻለው፥ ዕውቀትን ሽንፈት እስኪያስተምረን ሳንጠብቅ በጊዜ መሻት ነው።