የዴንማርክ የነፋስ ተርባይን ወደ ዓለም ገበያ የወጣበት መንገድ

አንድ አዲስ መሣሪያ በተፈለሰፈበት አገር በሚገባ ስለ ሠራ ብቻ በሌላው አገር ገበያ ያገኛል ማለት አይደለም። ከፋብሪካው በር እስከ ባዕድ ገዢ እጅ ባለው ርቀት ላይ የሙከራ ጣቢያው፣ የገዢው አገር ሕግ፣ ባንኩና ዋስትናው በየተራቸው ይፈትኑታል። የአየር ንብረትን ለውጥ ለመግታት የሚያገለግሉ መሣሪያዎችን የሚሠሩ ጀማሪ ድርጅቶች ወደ ውጭ ገበያ እንዴት ይውጡ፣ መንግሥትስ በምን ይርዳቸው የሚለው ጥያቄ ዛሬ በየአገሩ ይነሣል። ለዚህ ጥያቄ በጥንቃቄ ሊመረመር የሚገባው ምሳሌ የዴንማርክ የነፋስ ተርባይን ታሪክ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሥራው መሠረት የቆየ ነው። ፖል ላ ኩር የተባለው የፊዚክስ መምህር በ1891 በአስኮቭ ከነፋስ ኤሌክትሪክ ማመንጨት ጀመረ። የእርሱ ተማሪ የነበረው ዮሐነስ ዩል ደግሞ በ1957 በጌድሰር 200 ኪሎዋት የሚያመነጭ ባለ ሦስት ክንፍ ተርባይን አቆመ። ይህ ተርባይን ለ11 ዓመታት ያህል ከሠራ በኋላ፣ ነዳጅ ርካሽ በነበረበት በዚያ ዘመን ዋጋው አያዋጣም ተብሎ ቆመ። ይሁን እንጂ ሦስት ክንፍ፣ በቀጥታ ከኤሌክትሪክ መረብ ጋር የሚገናኝ ጀኔሬተርና በክንፉ ጫፍ ላይ የተሠራ ፍሬን ያለው ንድፉ ለኋለኞቹ ሠሪዎች ዋና መነሻ ሆኗል።

በ1973 የነዳጅ ዋጋ በድንገት ሲንር፣ ከሚያስፈልጋት ኃይል እጅግ የሚበዛውን ከውጭ በሚገባ ዘይት ታገኝ የነበረችው ዴንማርክ ክፉኛ ተጎዳች። በዚህ ጊዜ ወደ ነፋስ ፊታቸውን የመለሱት ታላላቅ ኩባንያዎች አልነበሩም። ክርስቲያን ሪሳገር አናጺ ነበር። በሌም መንደር ከአንጥረኛ ቤት ተነሥቶ ያደገው ቬስታስ የእርሻ ጋሪና ክሬን፣ ኖርድታንክ የነዳጅ ማመላለሻ ታንከር፣ በኋላ ቦኑስ የተባለው ድርጅት ደግሞ የመስኖ መሣሪያ ይሠሩ ነበር። እነዚህ ሁሉ ብረት መበየድና የገበሬን ፍላጎት ማወቅ እንጂ የአውሮፕላን ምሕንድስና አልነበራቸውም።

መንግሥት የሰጣቸው እርዳታ ሁለት ወገን ነበረው። በ1978 በሪሶ የምርምር ተቋም የተርባይን መሞከሪያ ጣቢያ ተከፈተ። በ1979 ደግሞ ተርባይን ለሚገዛ ሰው ከዋጋው 30 በመቶ የሚሸፍን ድጎማ ተፈቀደ። ድጎማው የሚከፈለው ግን ጣቢያው መርምሮ ለፈቀደው ሞዴል ብቻ ስለ ነበር፣ ገንዘቡ የጥራት መቆጣጠሪያ ሆነ። ሠሪው ስሕተቱን በአገሩ ገበሬ ማሳ ላይ፣ በአነስተኛ መሣሪያ፣ በቅርብ ርቀት አየና አረመ። በአንጻሩ በአሜሪካና በጀርመን መንግሥታት ገንዘብ የተሠሩት እጅግ ግዙፍ ተርባይኖች ለገበያ ሳይበቁ ቀሩ። ለዚህም 3 ሜጋዋት የነበረውና በ1983 የቆመው የጀርመን ግሮቪያን ምስክር ነው፤ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ሠርቶ ፈረሰ።

የውጭው በር የተከፈተው በካሊፎርኒያ ነው። በ1978 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ከአነስተኛ አመንጪዎች ኃይል እንዲገዙ አስገደደ። የፌዴራሉና የካሊፎርኒያ መንግሥት የግብር ቅናሾች ደግሞ የባለሀብቱን ወጪ አቃለሉ። በአልታሞንት፣ በቴሃቻፒና በሳን ጎርጎኒዮ ተርባይኖች በሺሕ እየተቆጠሩ ተተከሉ። ብዙዎቹ የአሜሪካ መሣሪያዎች እየተሰበሩ ሲያስቸግሩ፣ ክብደታቸው ከበድ ያለ፣ ነገር ግን የተፈተኑት የዴንማርክ ተርባይኖች ተፈላጊነታቸው እያደገ ሄደ። የሪሶም የፈቃድ ወረቀት ለባዕድ ገዢ ማስረጃ ሆነለት።

ይሁን እንጂ «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» እንደሚባለው፣ ገበያን ሁሉ በአንድ አገር ሕግ ላይ መመሥረት አደጋ ነበረው። የፌዴራሉ የግብር ቅናሽ በ1985 መጨረሻ አበቃ። ቬስታስ በዚያው ዓመት ዞንድ ከተባለው የካሊፎርኒያ ደንበኛው ከ1,000 በላይ ተርባይኖች ታዝዞ ነበር፤ አጓጓዡ የመርከብ ድርጅት ግን ከሠረ፣ የጭነቱም ክፍል ከቀጠሮው ዘግይቶ ደረሰ። ደንበኛው የዘገየውን አልረከብም አለ፣ የተረከበውንም መክፈል ተሳነው። ቬስታስ በ1986 ዕዳውን መክፈል አቃተው፤ ከብዙ መቶ ሠራተኞቹ አብዛኞቹ ተበተኑ፤ የተርባይኑ ሥራ ብቻ ተለይቶ በ1987 በጥቂት ሰዎች እንደገና ተጀመረ። ሌሎችም የዴንማርክ ሠሪዎች ተናጉ። ጉድለቱ የመሣሪያው አልነበረም፤ የገበያው መሠረት አንድ ብቻ መሆኑ ነበር።

ከዚህ በኋላ የተሰጠው እርዳታ መልኩን ቀየረ። የአገር ውስጡ ድጎማ ደረጃ በደረጃ ዝቅ እያለ በ1989 ቀረ። በ1990 ግን በዴንማርክ ተርባይን ለሚሠሩ ታላላቅ የውጭ ፕሮጀክቶች የረጅም ጊዜ ብድር ዋስ የሚሆን ድርጅት በመንግሥት ድጋፍ ተቋቋመ። ሠሪዎቹም ፊታቸውን ወደ ጀርመን፣ ወደ ስፔይንና ወደ ሕንድ አዞሩ፤ ቬስታስም በሕንድ ከአገሬው ድርጅት ጋር በሽርክና ሠራ።

የዚህ ታሪክ አንድ ጫፍ ኢትዮጵያም ደርሷል። የመስኖ መሣሪያ ይሠራ የነበረውን ቦኑስን ሲመንስ በ2004 ገዛው። የእርሱ ወራሽ የሆነው ሲመንስ ጋሜሳ በ2021 ለአሰላ የነፋስ ኃይል ማመንጫ፣ በጠቅላላው 100 ሜጋዋት ለሚሆኑ 29 ተርባይኖች ውል ተፈራረመ፤ ለገንዘቡም የዴንማርክ መንግሥት እርዳታና ከዴንማርክ ባንክ የተገኘ ብድር ተጣምረዋል። የሠሪውን አገር መሣሪያ በሩቅ አገር የሚያስተክለው ያው የብድርና የዋስትና ዘዴ ነው።

እንግዲህ ጀማሪ ድርጅትን ወደ ውጭ ገበያ መርዳት ማለት ለኤግዚቢሽን የጉዞ ቲኬት መቁረጥ ብቻ አይደለም። አስቀድሞ በአገሩ የሚፈትነው ጣቢያ፣ ለተፈተነው ብቻ የሚከፈል ድጎማ፣ ከአንድ በላይ የሆነ ገበያ፣ በመጨረሻም ለገዢው የሚቆም ዋስ ያስፈልገዋል። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ምን እንደሚሆን የሌም ሠራተኞች በ1986 አይተውታል።