ኖክ-ኦን

በራግቢ ኳስ ከተጫዋች እጅ አምልጣ ወደ ፊት ስትሄድ ኖክ-ኦን ይባላል። ቅጣቱ ተራ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ለተጋጣሚ ስክረም፣ ማለትም ሁለቱ ቡድኖች ተቆላልፈው እየተገፋፉ ኳስ የሚሻሙበት ድጋሚ ጅማሮ ይሰጣል። የኒውዚላንድን ደጋፊዎች በ2023ቱ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ያንገበገበው ይኸው ተራ ጥፋት ነው። የኒውዚላንዱ አሮን ስሚዝ ትራይ (ኳስን ከተጋጣሚ የግብ መስመር ጀርባ መሬት በማስነካት የሚገኝ ነጥብ) አስቆጥሮ ጭፈራው ሲደራ፣ የቪዲዮ ዳኛው ወደ ኋላ ሄዶ በላይንአውት (ከሜዳ የወጣች ኳስ ተወርውራ ስትመለስ) ከቡድን አጋሩ ከአርዲ ሳቬያ እጅ ያመለጠችውን ኳስ መዘዘና ትራዩ ተሻረ። የደጋፊው ሙግት ኳሷ ማምለጧ ላይ አይደለም፤ የቪዲዮ ዳኛው ከተፈቀደው ሁለት የጨዋታ ምዕራፍ አልፎ ወደ ኋላ እንዲሄድ ማን ፈቀደ የሚል ነው። እውነት አላቸው። በመሐል ዳኛው ዌይን ባርንስና በቤተሰቡ ላይ የወረደው ዛቻ ግን ነውር ነው። ደግሞስ ከደቂቃዎች በኋላ የኒውዚላንዱ ቦደን ባሬት ትራይ አግብቶ የለ? ከትራዩ በኋላ የሚሰጠውን ተጨማሪ ምት የሳተው የቡድን አጋሩ ሞኡንጋ ነው፤ ደቡብ አፍሪካም 12 ለ 11 አሸነፈች።