የስልሳ አምስት ዶላር ዲግሪ

ሐኪምና ወጌሻ በጎሪጥ እየተያዩ መኖራቸው የእኛ አገር ወግ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ግን ወጌሻው ትምህርት ቤት ከፈተና ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውየው አንድሪው ቴይለር ስቲል ይባላል፤ ሐኪም ነበር። በ1864 ሦስት ልጆቹን ማጅራት ገትር ነጠቀው። መቼም ዘመኑ ለበሽተኛ ሜርኩሪ የሚዋጥበት ዘመን ነውና የሙያው አቅም ምን ያህል እንደሆነ በገዛ ቤቱ አየ። በ1874 መድኃኒቱን እርግፍ አድርጎ አጥንትና መገጣጠሚያን በእጅ ማከም ያዘ። ራሱን «እንደ መብረቅ ፈጣኑ ወጌሻ» እያለ ያስተዋውቅ ነበር። በ1892 ሚዙሪ ግዛት፣ ከርክስቪል ከተማ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ሙያውንም ኦስቲዮፓቲ አለው።

ተማሪዎቹ የመምህራቸውን የመድኃኒት ጥላቻ ቀስ በቀስ ተዉት። ቀዶ ጥገናውንም ክኒኑንም ተማሩ። ቢሆንም የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር አባላቱ ከእነሱ ጋር አብረው እንዲሠሩ አይፈቅድም ነበር፤ ነውር ነው።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ የካሊፎርኒያው ታሪክ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሁለቱ ማኅበራት ታረቁና አጭር ሴሚናር ተከታትሎ 65 ዶላር የከፈለ ኦስቲዮፓት የኤም.ዲ. ዲግሪ ተሰጠው። ወደ 2,000 ገደማ ሰዎች ወሰዱት። ከ1962 ጀምሮ ለአዲስ ኦስቲዮፓት ፈቃድ መስጠት ቆመ። ትናንት «ሐኪም አይደለህም» የተባለ ሰው አዲስ ሙያ ሳይጨምር ዛሬ ሐኪም ተባለ! ታዲያ ጎድሎት የነበረው እውቀት ነው ወይስ ስም? የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1974 ፈቃዱ እንደገና እንዲሰጥ ወሰነ።

በ2014 ደግሞ ሁለቱ ወገኖች የስፔሻሊስት ሥልጠናቸውን በአንድ ተቆጣጣሪ ሥር ለማድረግ ተስማሙ፤ ሽግግሩ በ2020 አለቀ። ዛሬ በእጅ ሕክምናው ስፔሻሊስት ለመሆን የሦስት ዓመት ሥልጠና አለ። እንደ ቤተሰብ ሕክምና ያለ ዘርፍ የጨረሰ ሐኪም አንድ ዓመት ጨምሮ የሚገባበት መንገድም አለ። መሠረቱን ላሟላ ኤም.ዲ.ም በሩ ክፍት ነው። የትናንቱ ከሳሽ ዛሬ ተማሪ ሆኖ ይገባል ማለት ነው።

ስቲል ለእጁ የሰጠው ተስፋ ሁሉ አልጸናም፤ ለወገብ ሕመም ግን እንደሚረዳ የሚያሳይ ማስረጃ አለ። የሚያሳዝነው ከዛሬዎቹ ኦስቲዮፓቶች ብዙዎቹ በሥራቸው ላይ ይህን የእጅ ሕክምና እምብዛም አለመጠቀማቸው ነው። እኩልነቱን ሲያገኙ የተለዩበትን ነገር ወደ ጎን አደረጉት። ስሙ በ65 ዶላር ተገኝቶ ነበር፤ እጁ ግን ዛሬም ሦስት ዓመት ይጠይቃል።