ሊጡ ሲታጠብ የቀረው
እስቲ ትንሽ የስንዴ ሊጥ ውሃ ውስጥ እያሻችሁ እጠቡ። ውሃው እንደ ወተት ይነጣል፤ ስታርቹ ነው። እጃችሁ ላይ እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ነገር ይቀራል፤ እሱ ግሉተን ነው።

የቦሎኛው ሐኪም ያኮፖ ቤካሪ ይህን ሥራውን ያሳተመው በ1745 (እ.ኤ.አ.) ነው። አጠባውማ ቀላል ነው፤ ቁም ነገሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሁለቱን ለየብቻ ሲያቆያቸው ስታርቹ ኮመጠጠ፣ ግሉተኑ ግን እንደ ሥጋ በሰበሰ። በወቅቱ እንዲህ የሚበሰብስ ነገር ከእንስሳ ብቻ ይገኛል ተብሎ ይታሰብ ስለነበር፣ ከስንዴ ፍሬ መውጣቱ ድንበር አፈረሰ። ፕሮቲን የሚለው ስም እንኳ ገና አልነበረም፤ የመጣው በ1838 ነው።

መሐንዲስ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ከሁሉ የሚገርመኝ መሣሪያው ውሃና እጅ ብቻ መሆኑ ነው።