ከሐርቡ እስከ ይስማ ንጉሥ

አገራችን ዛሬ የባሕር በር የላትም። ስለዚህ በትምህርታችን ውስጥ ስለ ባሕር ወሽመጥና በዳርቻው ስለሚገኙት ግንቦች፥ መናፈሻዎችና ሙዚየሞች ባነበብን ጊዜ፥ «ለእኛስ ምን አለን?» ብለን ጠየቅን። የታሪክ መምህራችንም ፈገግ ብለው፥ «እናንተ የሐርቡ ልጆች፥ ግማሽ ቀን ሳትጓዙ ሐይቅ አለላችሁ፤ ዳርቻውም ታሪክ ነው» ሲሉ መለሱልን። እኛ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች፥ ወንዱም ሴቱም፥ ጉዞውን ያደረግነው በዚህ ምክንያት ነው። ለዚህ ለበዓሉ መጽሔት የምናቀርበውም ያየነውንና የተማርነውን ነው።

ጎሕ ሲቀድ ከሐርቡ ቆላ ተነሥተን፥ ኮምቦልቻን አልፈን የደሴን ዳገት ስንወጣ ብርዱ ተቀበለን። ሹራብ ያልያዘው ብዙ ነበር።

ደሴ የንጉሥ ሚካኤል ከተማ ናት። ንጉሡ ያሠሩት ትልቁ የግብር አዳራሽ «አይጠየፍ» ይባላል፤ ይኸውም ማንንም ሳይንቅ ሁሉን የሚያበላ ለማለት ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም በሚኖርበት አገር ይህ ስም እንዲያው ለጌጥ የተሰጠ አይመስለንም። ንጉሡ ራሳቸው ቀድሞ መሐመድ ዓሊ ይባሉ ነበር። በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ ተባሉ፤ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ግን በሰገሌ ጦርነት ድል ሆነው ተማረኩ።

የደሴ ሙዚየም የተቋቋመው በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ ቤት ውስጥ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ በደረሰ ጊዜ ከቅርሱ ብዙው ተዘረፈ፤ ከተረፈውም የተሰባበረ አለ። መምህራችን ሙዚየሙን ቀድሞ ያውቁት ነበርና፥ «እዚህ ጋሻ ነበረ፤ እዚህ የብራና መጽሐፍ ነበረ» እያሉ በእጃቸው ያሳዩን ጀመር። በኋላ ግን ዝም አሉ። በዚያ ዓመት እኛ ገና ልጆች ነበርን፤ ከመካከላችንም ከቤተሰቡ ጋራ ቤቱን ጥሎ የተሰደደ አለ። ያን ጊዜ ስለ ዳቦ እንጂ ስለ ጋሻና ስለ ብራና ያሰበ አልነበረም። የጐደለውን ነገር የቈጠርነው ገና አሁን ነው።

የወሎ ቅርስ ሲወሰድ ግን ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ በሞቱ ጊዜ፥ የእንግሊዝ ጦር መጻሕፍቱንና ንዋየ ቅድሳቱን በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ጭኖ እንደ ሄደ ተጽፏል። ከዚያም ብዙው እስከ ዛሬ በለንደን ይገኛል። የመቅደላን ብራና ለማየት የሚሻ የወሎ ተማሪ ወደ መቅደላ ሳይሆን ወደ ለንደን መሄድ አለበት ማለት ነው!

ከደሴ ወደ ሰሜን ጥቂት እንደ ሄድን ቦሩ ሜዳን አየን። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ የሃይማኖቱን ጉባኤ ያደረጉት በዚህ ነው። አውቶቡሱ ስላልቆመ ያየነው በመስኮት ነው፤ ስለዚህ ብዙ አንናገርም።

ሐይቅ ስንደርስ ፀሐይ ሞቅ ብሎ ነበር። ውሃው ወደ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ጥልቀቱም ከ80 ሜትር ይበልጣል። የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት መሬት ቀድሞ ደሴት ነበረ፤ ውሃው እየጐደለ በመምጣቱ አሁን ከየብስ ጋራ ተያይዟል። እዚህ ላይ ክፍላችን ለሁለት ተከፈለ። ገዳሙ ሴት አያስገባምና፥ እኅቶቻችን ከሐይቁ ዳር ከዛፍ ሥር ቀሩ። ሥርዐት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሆኖም ትተናቸው ስንሄድ ደስ አላለንም።

አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ መጥተው በ1240 ዓ.ም. ገደማ በዚህ ማስተማር ጀመሩ። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የዚሁ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበሩ። የገዳሙ አበምኔቶች «ዐቃቤ ሰዓት» እየተባሉ በቤተ መንግሥት ትልቅ ሥልጣን ነበራቸው። ኢየሱስ ሞዐ በ1273 ዓ.ም. ገደማ ያስጻፉት ባለ ሥዕል አራቱ ወንጌል ዘመናትን አልፎ ደርሶናል፤ ዘመኑ ተጽፎባቸው ከሚታወቁት የአገራችን ባለ ሥዕል ወንጌሎች መካከል ከሁሉ የቀደመ ነው ይባላል። በ16ኛው መቶ ዓመት የኢማም አሕመድ ሠራዊት ወደዚህ ደሴት መጥቶ ወርቁን እንደ ወሰደ፥ አብሮት የነበረው ጸሐፊ ዓረብ ፈቂህ መዝግቧል። ወርቁ ሄደ፤ ወንጌሉ አለ። እኛ ግን ወንጌሉን አላየንም። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ለጐብኚ ሁሉ እየገለጡ ማሳየት እንደማይገባ፥ ከደሴው በኋላ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወደ ውጫሌ ሄደን ይስማ ንጉሥ ከተባለው ቦታ ደረስን። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል የተፈረመው በዚህ ነው። ውሉ 20 ክፍሎች ነበሩት፤ ጦርነት ያመጣው ግን 17ኛው ነው። መምህራችን «ማን ያስረዳል?» ቢሉ፥ እኛ ወንዶቹ እርስ በርሳችን ተያየን። ሴቶቹ ግን እጃቸውን አነሡ! ለካ እኛ ገዳም ሳለን እነርሱ ከዛፉ ሥር ሆነው፥ መምህራችን ገልብጠው የሰጧቸውን የሁለቱን ቋንቋ ቃል ሲያመሳክሩ ቆይተው ኖሯል። በአማርኛው፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከኤውሮጳ ነገሥታት ጋራ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል፤ ቢፈልጉ ለማለት ነው። የኢጣልያንኛው ግን በዚያው በኩል ለመላላክ እንደ ተስማሙ አድርጎ ጻፈው። ኢጣልያም ይህን ይዛ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለኤውሮጳ መንግሥታት አስታወቀች። ዐፄ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነገሩ በዐድዋ ተፈጸመ። አንዲቱ ጓደኛችን ይህን ተናግራ ስትጨርስ፥ «ከሁሉም ያስደነቀኝ፥ አማርኛው አልጠፋም፤ ባይኖር በምን ይከራከሩ ነበር?» አለች። የመለሰላት አልነበረም።

ወደ ሐርቡ ስንመለስ መሸብን። በአውቶቡሱ ውስጥ ሴቶቹ ተራቸውን ያዙና፥ «እሺ፥ እናንተስ በገዳሙ ውስጥ ምን አያችሁ?» ብለው ጠየቁን። አንዱ ስለ ዛፎቹ፥ ሌላው ስለ ደወሉ፥ ሦስተኛው ስለ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ዝምታ ተናገረ፤ ሁሉም የተለያየ ሆነ። አንድ ሆነን በዝርዝር ልንነግራቸው የቻልነው፥ ስላላየነው ስለ ወንጌሉ ብቻ ነበር።