ለቀዩ መኪና ወይስ ለሰውየው?

እኔና ወንድሜ ለ15 ቀን የተኳረፍነው በአንድ ስፔናዊ ሹፌር ምክንያት ነው። ስሙ ካርሎስ ሳይንዝ ይባላል። እኛን አያውቀንም። ቢያውቀንም ለእኛ ጠብ የሚሆን ጊዜ አልነበረውም፤ የራሱ ጣጣ ይበቃው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2024 (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ፌብሩዋሪ 1 ቀን ፌራሪ አጭር መግለጫ አወጣ፦ ከ2025 ጀምሮ ሉዊስ ሃሚልተን ለእኛ ይነዳል። ሰባት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው፣ ከ2013 ጀምሮ በመርሴዲስ የቆየው፣ ስድስቱን ዋንጫ እዚያ የበላው ሃሚልተን ማለት ነው። ፎርሙላ ዋን ውስጥ አንድ ቡድን የሚያሰልፈው ሁለት መኪና ብቻ ነው። አንዱ የሻርል ሌክለር ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ሲገባ አንድ ሰው ይወጣል፤ የሚወጣውም ሳይንዝ ሆነ። የ2024 ውድድር ገና አልተጀመረም። ሰውየው እንደማይፈልጉት እያወቀ አንድ ዓመት ሙሉ ሊነዳላቸው ነው።

ወንድሜ ከሹማከር ዘመን ጀምሮ የፌራሪ ቲፎዞ ነው። ዜናውን ሲሰማ ሰርግ የተጠራ ነበር የሚመስለው። እኔ ደግሞ ተናደድኩ። በ2023 ከተካሄዱት 22 ውድድሮች ሬድ ቡል ያልወሰደው አንዱን ብቻ ነው፤ ያንን አንዱን ሲንጋፖር ላይ ያሸነፈው ሳይንዝ ነው። ታዲያ ምን አጠፋ?

ክርክሩ ለአንድ ወር ያህል በቀልድ መልክ ቀጠለ። ማርች 9 ምሽት ግን ቀልድነቱ ቀረ። ሳይንዝ ትርፍ አንጀቱን ታሞ ቀዶ ሕክምና ስላደረገ ጂዳ ላይ በእሱ ቦታ የ18 ዓመቱ ኦሊቨር ቤርማን ገባ። ልጁ በመጀመሪያ ውድድሩ ሰባተኛ ወጣ። ወንድሜ ሶፋው ላይ ተንጋልሎ፣ «አየሽ አይደል? ሰው ይተካል። ዋናው መኪናው ነው» አለኝ።

እሱ የማያውቀው አንድ ነገር ነበር። በዚያው ሳምንት የምሠራበት ቢሮ ኮንትራቴ ሰኔ ላይ እንደማይታደስ ነግሮኛል። እስከዚያው ድረስ በእኔ ቦታ የምትገባውን ልጅ ሥራ አለማምዳለሁ። ለቤት ሰው ትንፍሽ አላልኩም። እና ከተቀመጥኩበት ተነስቼ «አንተ ታማኝነት የሚባል ነገር አልፈጠረብህም!» ብዬ ጮህኩበት። እማዬ ከጓዳ ብቅ ብላ «ምን ሆናችሁ?» አለች። ለመኪና ውድድር ነው ማለት አፈርን። ከዚያ ቀን በኋላ «እንደምን አደርክ» እንኳ ቀረ።

በኩርፊያው ሰሞን ማንበብ ጀመርኩ። እውነቱን ልናገር፣ የምፈልገው ወንድሜን የምረታበት ማስረጃ ነበር።

መጀመሪያ የገረመኝ ራሱ ቃሉ ነው። ቲፎዞን ያመጣነው ከጣሊያንኛ ነው፤ መኪናን፣ ጎማን፣ ፍሬንና ፍሪሲዮንን ካመጣንበት ሠፈር። «ቲፎ» እዚያ የተስቦ በሽታም ነው፣ የደጋፊነት ትኩሳትም ነው። የፌራሪ ደጋፊዎች በዓለም ሁሉ የሚጠሩትም በዚሁ ስም ነው፤ ቲፎዚ። ትኩሳት ያለበት ሰው ደግሞ ማንን እንደሚወድ ቢጠይቁት ሁልጊዜ የተጣራ መልስ አይሰጥም።

ማስረጃዬ በቀላሉ ሞላ። በ1976 ኦገስት 1 ቀን ኒኪ ላውዳ ኑርበርግሪንግ ላይ ከነመኪናው ተቃጠለ፤ ሆስፒታል ተኝቶ ቄስ የመጨረሻ ጸሎት አድርሶለታል። እሱ አልጋ ላይ እያለ ፌራሪ ካርሎስ ሮይተማንን አስፈረመ። ላውዳ ግን በስድስት ሳምንቱ፣ ቁስሉ ሳይደርቅ፣ ሞንዛ ላይ ተመልሶ አራተኛ ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት ዋንጫውን በላና ዓመቱ ሳያልቅ ጥሏቸው ሄደ። በ1991 ደግሞ ሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የነበረው አላን ፕሮስት መኪናውን ከካሚዮን ጋር አመሳሰለና አንድ ውድድር ሲቀር ተባረረ። እንግዲህ ፌራሪ ማለት ይኼ ነው፤ ወንድሜ ይረታል ብዬ ደስ አለኝ።

ደስታዬ የቆየው ላውዳ ጥሎት የሄደው ወንበር ላይ ማን እንደተቀመጠ እስካነብ ድረስ ነው።

ጂል ቪልኔቭ ይባላል። የኩቤክ ልጅ ነው፤ ካናዳዊ። ውድድር የለመደው በረዶ ላይ በሚነዳ ሞተር ነው። በፎርሙላ ዋን 67 ጊዜ ተወዳደረ፣ 6 ጊዜ አሸነፈ፣ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ አያውቅም። በቁጥር ካየነው ተራ ሰው ነው። ቲፎዚዎቹ ግን እንደሱ የወደዱት ሹፌር ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ። በ1979 ዛንድቮርት ላይ ጎማው ፈንድቶ፣ እግሩ እየተጎተተ ያለውን መኪና በሦስት ጎማ እየነዳ ወደ ቡድኑ ጋራዥ ያመጣ ሰው ነው፤ ጠግነው ይመልሱኛል ብሎ።

በዚያው ዓመት ሞንዛ ላይ ሌላ ነገር አደረገ። የቡድን ጓደኛው ጆዲ ሼክተር እየመራ ነው፤ ካሸነፈ የዓለም ሻምፒዮን ይሆናል። ቪልኔቭ ከኋላው ግማሽ ሴኮንድ እንኳ በማይሞላ ርቀት ተከትሎት እስከ መጨረሻው ድረስ ሄደ። አላለፈውም። ሼክተር ዋንጫውን በላ፣ ቪልኔቭ ዓመቱን ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። ለቡድኑ የገባውን ቃል ጠበቀ፤ ነገ ለእሱም እንደሚጠበቅለት አምኖ።

ነገው የመጣው ኤፕሪል 25 ቀን 1982 ነው፣ ኢሞላ ላይ። ብዙ ቡድኖች ከባለሥልጣናቱ ጋር ተጣልተው ስለቀሩ የተሰለፈው 14 መኪና ብቻ ነበር። ሁለቱ ሬኖዎች ተበላሽተው ሲወጡ ሁለቱ ፌራሪዎች ብቻቸውን ፊት ቀሩ፤ ቪልኔቭ አንደኛ፣ ፈረንሳዊው ዲዲዬ ፒሮኒ ሁለተኛ። የቡድኑ ሰዎች ከመንገዱ ዳር ሰሌዳ አወጡ። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው አንድ ቃል ነው፤ «ቀስ»።

ከ40 ዓመት በላይ የፌራሪ ደጋፊዎች የሚከራከሩት በዚህ አንድ ቃል ነው። ቪልኔቭ የገባው «ያላችሁበትን ቦታ ይዛችሁ ጨርሱ» የሚል ነው፤ ሞንዛ ላይ እሱ እንዳደረገው። ፒሮኒ የገባው «መኪናውን አትጨርሱት፣ ነዳጅ ቆጥቡ» የሚል ብቻ ነው፤ ማን ይቅደም የሚል ነገር አልተጻፈም። ተቀዳደሙ። ቪልኔቭ ሲመራ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ፒሮኒ ሲመራ ይጨምራል። ሕዝቡ ለእሱ ደስታ የሚጫወቱ መስሎት ያጨበጭባል። በመጨረሻው ዙር ቶዛ የሚባለው መታጠፊያ ላይ ፒሮኒ አለፈና አሸነፈ። መድረኩ ላይ የቪልኔቭን ፊት ያየ ሰው ጨዋታ እንዳልነበረ ገባው። ከእንግዲህ ፒሮኒን እንደማያነጋግር ተናገረ። አላነጋገረውምም።

የቀረው ጊዜ 13 ቀን ነበር። ሜይ 8 ቀን ቤልጂየም ውስጥ ዞልደር ላይ፣ የመነሻ ቦታ ማጣሪያው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ ቀስ እያለ ይሄድ የነበረ መኪና ከኋላ መታ። መኪናው ተገለባበጠ፣ እሱም ከነወንበሩ ተወረወረ። በዚያው ምሽት ሞተ። 32 ዓመቱ ነበር። በዚያች ሰዓት ፒሮኒ ከእሱ የተሻለ ሰዓት አስመዝግቦ ነበር።

በዚያው በጋ፣ ኦገስት 7 ቀን፣ ፒሮኒ የዓለም ሻምፒዮናውን እየመራ ሳለ ሆከንሃይም ላይ በዝናብ ከፊቱ ያለው መኪና ሳይታየው ቀረና ገጨው። ሁለት እግሩ ተሰባበረ፤ ወደ ፎርሙላ ዋን አልተመለሰም። ፌራሪ ግን የዚያን ዓመት የቡድኖች ሻምፒዮና አሸነፈ። ወንድሜ እንዳለው፣ ዋናው መኪናው ነው። መኪናው አሸነፈ፤ ሁለቱም ሰዎች ጠፉ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ኖሮ ስለ ቲፎዚዎቹ ምንም አላውቅም ነበር። በዓመቱ፣ ሜይ 1 ቀን 1983፣ ውድድሩ ኢሞላ ተመለሰ። የቪልኔቭን 27 ቁጥር ይዞ የሚነዳው የቅርብ ጓደኛው ፓትሪክ ታምቤ ነው። የሚነሳው ከሦስተኛ ቦታ ነው፤ ቪልኔቭ ከዓመት በፊት ከተነሳበት። ደጋፊዎቹ ቦታው ላይ የካናዳን ባንዲራ ቀብተው ጠበቁት። ጥቂት ዙሮች ሲቀሩ ሪካርዶ ፓትሬዜ በብራብሃም መኪና ታምቤን አለፈው። ፓትሬዜ ጣሊያናዊ ነው፣ የአገራቸው ልጅ። ወዲያው ከመንገድ ወጥቶ ተጋጨ። የጣሊያኑ ሕዝብ በደስታ ጮኸ። ፈረንሳዊው በቀይ መኪና አሸነፈ።

ይኼን ሳነብ ከወንድሜም ከእኔም ጋር የማይሄድ ነገር ሆነብኝ። የጮኹት ለመኪናው ነው ብሎ ወንድሜ ይወስደዋል። ግን ለመኪና ማን መሬት ላይ ባንዲራ ይቀባል? በ2002 ደግሞ ኦስትሪያ ላይ ሩቤንስ ባሪኬሎ ውድድሩን ሊጨርስ ጥቂት ሜትር ሲቀረው በቡድኑ ትእዛዝ ለሹማከር ለቀቀለት። ሹማከር ከዚያ በፊት ከነበሩት አምስት ውድድሮች አራቱን አሸንፎ ስለነበር ድሉ ያን ያህል አያስፈልገውም ነበር። ቀይ መኪና አንደኛ፣ ቀይ መኪና ሁለተኛ፤ ሕዝቡ ግን አጉረመረመ፣ ጮኸባቸው። ስለዚህ ለመኪናው ብቻ አይደለም። እስከ ሰውየው ድረስ ያለው ፍቅርም ቢሆን ቡድኑን አይዘውም፤ ያ የኢሞላው ጀግና ታምቤ ራሱ በ1983 መጨረሻ ተሰናበተ። በቦታው ጣሊያናዊው ሚኬሌ አልቦሬቶ ገባ።

ታዲያ ምንድን ነው የሚያቆስለው? መተካት ከሆነ ሁሉም ይተካል። ላውዳም፣ ፕሮስትም፣ ታምቤም፣ ሳይንዝም። ከእነዚህ ሁሉ መካከል 40 ዓመት ያልሻረው ቁስል ግን ማንም ያልተባረረበት የኢሞላው ነው። ሳይንዝን ቢያንስ በቃል ነግረውታል፤ ዓመቱ ሳይጀመር፣ አንተ አትቀጥልም ብለው። ይመራል፣ ግን ግልጽ ነው። ቪልኔቭና ፒሮኒ የተሰጣቸው ሰሌዳ ነው። አንድ ቃል፣ ሁለት ትርጉም። ቀጥሎ ሁለቱም ዝም ተባባሉ፤ ዝምታው ደግሞ የሚፈታበት ጊዜ አላገኘም።

ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት። እኔም ለወንድሜ ያወጣሁለት ሰሌዳ ነው። «ታማኝነት አልፈጠረብህም» ስለው የሰማው ስለ ፌራሪ ነው። እኔ ስናገር የነበረው ስለ ቢሮዬ ነው። ኮንትራቴን ሳልነግረው ለምን አልተረዳኸኝም ብዬ አኮረፍኩት። ቢሮው እንኳ ከእኔ የተሻለ ግልጽ ነበር።

ማርች 24 እሑድ ነበር፣ ጾም። እማዬ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። የሜልቦርኑ ውድድር በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ይጀምራል። ሳሎን ስገባ ወንድሜ ጋቢ ለብሶ ቀድሞኝ ተቀምጧል። በሌላኛው ጫፍ ተቀመጥኩ። ሳይንዝ ከቀዶ ሕክምናው ከ16 ቀን በኋላ ተመልሶ በሁለተኛው ዙር ቬርስታፐንን አለፈው። ከዚያ ማንም አልደረሰበትም። አንደኛ ሳይንዝ፣ ሁለተኛ ሌክለር። ወንድሜ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ለመኪናው ይሁን ለሰውየው አልጠየቅኩትም።

«ከሰኔ በኋላ ሥራ የለኝም» አልኩት።

ዞር ብሎ አየኝ። ድምፁን ከቴሌቪዥኑ ቀነሰ። «መቼ ነው የነገሩሽ?»

«ከጂዳው በፊት።»

«እና ለምንድነው በሳይንዝ በኩል የምትነግሪኝ?» አለ። ሳቅኩ፤ ከዚያ አለቀስኩ። እሱ ሻይ ሊያፈላ ተነሳ።

ስለ ፒሮኒ ያልነገርኳችሁ አለ። በ1987 በጀልባ ውድድር ላይ ሞተ። በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ መንታ ወንዶች ልጆቹ ተወለዱ። አንዱ ዲዲዬ ተባለ፤ ሌላው ጂል። ያ ጂል አድጎ የመርሴዲስ መሐንዲስ ሆነ። በ2020 ኦገስት 2 ቀን ሃሚልተን ሲልቨርስቶን ላይ በመጨረሻው ዙር ጎማው ፈንድቶ በሦስት ጎማ እየነዳ ሲያሸንፍ፣ የቡድኑን ዋንጫ ለመቀበል መድረኩ ላይ የወጣው እሱ ነው። ጂል ፒሮኒ። ሁለቱ ሰዎች ያልተነጋገሩት ነገር በአንድ ልጅ ስም ላይ ጎን ለጎን ተቀምጧል።

ሰኔ ላይ ቢሮውን ለቀቅኩ። ለልጅቷ የማውቀውን ሁሉ አሳይቻት ነው የወጣሁት፤ እሷ ምን አጠፋች? ሃሚልተን አሁን ቀይ ለብሷል፣ ሳይንዝ ዊልያምስ ገብቷል። ወንድሜ ከቀዩ ጋር ነው፤ እኔ ሳይንዝ በሄደበት እሄዳለሁ። እሑድ እሑድ አሁንም እንጣላለን። የምንጣላው ግን ስለ ውድድሩ ብቻ ነው።