የውጭ የፋይናንስ ሁኔታና የዕድገት ስጋት

በዓለም ገበያ የብድር ዋጋ፣ የዶላር ጥንካሬና የባለሀብቶች ድፍረት ሲለዋወጥ በአንድ አገር ኢኮኖሚ ላይ የሚፈጠር የማሽቆልቆል አደጋ ነው።

መተላለፊያ መንገዶች፦ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ (ፌዴራል ሪዘርቭ) ወለድ ሲጨምር ካፒታል ከታዳጊ አገሮች ይሸሻል። የአገሬው ገንዘብ ይዳከማል፤ በዶላር የተወሰደ ዕዳ ይከብዳል፤ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ይወደዳል። የአገሩ ማዕከላዊ ባንክ የገንዘቡን ዋጋ ለመከላከል ወለድ ሲያንር ደግሞ ኢንቨስትመንት ይቀዘቅዛል።

ምሳሌ፦ እ.ኤ.አ. በሜይ 2013 የፌዴራል ሪዘርቭ ሊቀ መንበር ቤን በርናንኪ፣ ባንኩ በወር 85 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣበትን የቦንድ ግዢ ሊቀንስ እንደሚችል ለኮንግረስ ተናገሩ። ግዢው ገና ሳይቀነስ ገበያው ተናወጠ። ብራዚል፣ ሕንድ፣ ኢንዶኔዥያ፣ ደቡብ አፍሪካና ቱርክ «አምስቱ ተሰባሪዎች» ተባሉ። በሜይ በ1 ዶላር 55 አካባቢ ይመነዘር የነበረው የሕንድ ሩፒ በኦገስት መጨረሻ ወደ 68 ወረደ። ሕንድ በውጭ ከሚኖሩ ተወላጆቿ ወደ 26 ቢሊዮን ዶላር የባንክ ተቀማጭ ሰብስባ ተረጋጋች።

አለካክ፦ የዓለም የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) አማካይ የዕድገት ትንበያን ብቻ ሳይሆን፣ የመከሰት ዕድሉ አብዛኛውን ጊዜ 5 በመቶ የሆነውን መጥፎ ውጤት ጭምር ይመለከታል። ርካሽ ብድር ለጊዜው ዕድገትን ቢደግፍም፣ ዕዳ ሲከማች የመጪዎቹን ዓመታት አደጋ ያባብሳል።

መከላከያ፦ በቂ የውጭ ምንዛሪ ክምችት፣ በራስ ገንዘብ መበደር፣ የተገታ የዋጋ ንረትና በጥንቃቄ የሚመሩ ባንኮች ጉዳቱን ይቀንሳሉ። ዝግጅቱ መደረግ ያለበት ብድር ርካሽ በሆነበት ዘመን ነው።